ቾክ፣ ማኖቬላና የአባቴ ላዳ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መኪና ውስጥ ገብታችሁ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የሆነ ነገር ስባችሁ ታውቃላችሁ? ቁልፍ ማዞር አላልኩም። አዝራር መጫንም አላልኩም። መሳብ! ከመሪው ሥር፣ ጉልበት አካባቢ ያለችውን ጥቁር እጀታ ይዞ ወደ ራስ መሳብ። ካላወቃችሁ አትፈሩ። እኔም እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ድረስ በቅጡ አላውቃትም ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ መንጃ ፈቃድ በኪሴ አለ፣ "እነዳለሁ" እያልኩም በጓደኞቼ ፊት ደረቴን እነፋለሁ።

የዛሬው ጨዋታዬ በአባቴ ላዳ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደርሰን ስለተመለስንበት መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ልታገባ ነው። እኔ "በአውቶቡስ እንሂድ" አልኩ። አባቴ እንደተሰደበ ሰው አየኝና "ላዳዋ እያለች?" አለ። ነገሩ የመጓጓዣ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወር በፊት እኔው ነኝ "አባዬ፣ ይቺን መኪና እንሽጣት፣ ቤንዚንና ጋራዥ ጨረሰን" ብዬ ነገር የጀመርኩት። "የምትሸጠው ስታጣ እኔንም ትሸጠኛለህ" ብሎኝ ለሁለት ሳምንት በቅጡ አላነጋገረኝም። እናቴ ደግሞ ጓዳ ጠርታ ሌላ ነገር ሹክ አለችኝ። የዓይን ሐኪሙ "ሲመሽ አትንዳ" ብሎታል። ለማንም እንዳላወራ አስምሎኛል፣ አንተም አልሰማህም አለችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ እንዳልሰማ ሆኜ አብሬው መሄዴ ነው።

ላዳዋን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። የላዳ ዘሯ ጣሊያናዊ ነው። ፊያት 124 የተባለችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ በተባለው ከተማቸው ያቺኑ መኪና በራሳቸው መንገድ ማምረት ጀመሩ። ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ለጭቃና ለበረዶ እንድትሆን አጠነከሯት። ከተማው ራሱ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ኮሚኒስት መሪ ነው። አዲስ አበባ ስትደርስ ደግሞ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን በሚሉ የጣሊያን ቃላት የሚግባቡ መካኒኮች ጠበቋት። ዘመድ ቤት እንደመጣች ቁጠሩት። አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በሰማያዊና ነጭ ታክሲነቷ ነው። የአባቴ ግን የቤት መኪና ናት፣ በ1983 ዓ.ም. ያገለገለች የገዛት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ወጣን። አባቴ መሪው ላይ፣ እኔ ጎኑ። ኮተቤን፣ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን አለፍን። ፀሐዩ ጠንክሯል። ላዳ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የላትም። የነበራትን ግን ስሙ። ከፊት መስኮቱ ጫፍ፣ ስፖኪዮው አጠገብ፣ ለብቻዋ የምትከፈት ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት አለች። ገፋ ስታደርጓት በመሃሏ ትዞርና የውጪውን ነፋስ ቀጥታ ደረታችሁ ላይ ታመጣዋለች። በትንሹ ብቻ ስትከፍቷት ደግሞ የውስጡን ጭስ ስባ ታወጣለች። አባቴ ሲጋራ በሚያጨስበት ዘመን እናቴ በዚህች መስታወት ምክንያት ነው ያልፈታችው እላለሁ። ዛሬ የት አለች? ማቀዝቀዣ ሲመጣ ጠፋች፤ ነፋስ ስታፏጭ ትረብሻለች፣ ሌባም በእሷ በኩል እጁን ሰዶ በር ይከፍታል ተብላ። ሁለቱም ሐሜት እውነት ነው፣ አልክድም።

ቴፑ ካሴት ነው። የጥላሁንና የአስቴር ካሴቶች ከፊት ወንበር ሥር በጫማ ካርቶን ተቀምጠዋል። አለልቱ ላይ ቴፑ ክሩን በላው። አባቴ መንገዱ ዳር አቁሞ፣ ክሩን እንደ ሐኪም ቀስ አድርጎ አወጣና እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከትቶ እያሽከረከረ መልሶ ጠቀለለው። አሥር ደቂቃ ፈጀ። እኔ በስልኬ ሺህ ዘፈን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የማሰካበት ቀዳዳ ግን የለም። የሲጋራ መለኮሻው ነበር፣ ያቺ ተጭናችሁ ስትግል ብቅ የምትል ነገር። ዛሬ ልጆች ቀዳዳዋን ለስልክ ቻርጀር የተሠራች ይመስላቸዋል። የእኛዋ ከሞተች ቆይታለች።

ሸኖን ካለፍን በኋላ መምሸት ጀመረ። እንደምንም ብዬ "አባዬ፣ አሁን እኔ ልያዝ" አልኩ። "ደብረ ብርሃን ስንደርስ" አለ። ብርሃኑ እየደከመ ሄደ። እኔ ፊት ለፊታችን ያለውን የፈረስ ጋሪ አይቼዋለሁ፤ መብራት የለውም፣ ጭድ ጭኗል። አባቴም አይቶታል ብዬ ዝም አልኩ። እየቀረብን ሄድን። ፍጥነቱን አልቀነሰም። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። ፍሬኑን ረገጠው፣ ላዳዋ ተንሸራተተች፣ ጭዱ ኮፈኑን ነካው። ጋሪ ነጂው ዘወር ብሎ ምን እንዳለን አልነግራችሁም። አባቴ "ስፖኪዮው ውስጥ ፀሐይ ገብቶብኝ ነው" አለ። ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች። ከዚያ በኋላ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተሳብን፣ እኔም መንገዱን በእሱ ፋንታ እያየሁ፣ "ሰው አለ"፣ "ኩርባ ነው" እያልኩ ደብረ ብርሃን ገባን።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ። በጥር ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ቀልድ አይደለም። አልጋ ያዝን፤ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረብን። መብራት ጠፍቶ ነበርና በጨለማው ውስጥ "ሐኪሙ ምን አለህ?" ብዬ ጠየቅሁት። ረጅም ዝምታ። "እናትህ አፏ አያርፍም" አለ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ግን በአተነፋፈሱ አውቃለሁ።

ጠዋት መስታወቱ ነጭ ሆኖ፣ በረዶ ለብሶ ጠበቀን። ቁልፉን ሲያዞረው ላዳዋ "ጠቅ" አለችና ዝም። ባትሪው ሞቷል። የአሮጌ ባትሪ ነፍስ በብርድ ትኮማተራለች። እኔ ገፊ ሰው ልፈልግ ወደ በሩ ስሄድ አባቴ የኋላውን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ የተጣመመ ብረት አወጣ። የድሮ ሹፌሮች ማኖቬላ የሚሏት ናት። ከፊት በታርጋው አካባቢ ባለች ቀዳዳ አስገብታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ የምታሽከረክሩባት።

ይቺ ብረት በዓለም ታሪክ ውስጥ ብዙ ክንድ ሰብራለች። ሞተሩ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይመታል፤ ያን ጊዜ እጀታው ከሰው ጉልበት በላይ በሆነ ኃይል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በባትሪ የሚነሳ ሞተር ይዞ ሲወጣ ሰዉ እፎይ ያለው ለዚህ ነው። መኪና መንዳት የጡንቻ ሥራ መሆኑ የቀረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ሩስያዎቹ ግን ብርዳቸውን ስለሚያውቁ ከስድሳ ዓመት በኋላም ብረቷን ከላዳ ዕቃዎች ጋር መስጠት አላቆሙም ነበር።

አባቴ ማኖቬላዋን ዘረጋልኝ። "አንተ ታዞራለህ፣ እኔ ቤንዚን እሰጣለሁ" አለ። በአምስቱም ጣቴ ጨብጬ ስይዛት እጄን መታኝ። "አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጋር! እንዲህ አቅፈህ ከያዝካት ወደ ኋላ ስትመታ ይዛው ትሄዳለች።" የራሱን ቀኝ አውራ ጣት አሳየኝ። ከመገጣጠሚያው ትንሽ ዘመም ያለ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ጣት ሳየው ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። በሃያ ዓመቱ፣ ረዳት ሳለ፣ በአንድ የጭነት መኪና ማኖቬላ ነው የተሰበረው። ለምን ነግሮኝ አያውቅም? ጠይቄው ስለማላውቅ!

ከታች ወደ ላይ ሳብኩ። ምንም። ሁለተኛ። ምንም። "ቾኩን ሳልስበው ቀርቼ ነው" ብሎ ከውስጥ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ላዳዋ አስላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። የአልጋ ቤቱ ዘበኛ አጨበጨበ። እኔም እውነቱን ለመናገር ኦሎምፒክ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ማኖቬላዋን ጠቅልዬ ስመለስ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። አባቴ ዞሮ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መስታወቱን እያየ። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩ። ገብቼ መሪውን ያዝኩ።

ከደብረ ብርሃን እንደወጣን ትምህርቱ ተጀመረ። ይህንን አሮጌ መኪና ከአባት ከአጎት የምትወርሱ ልብ ብላችሁ ስሙ። ቾክ ማለት ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለች ክዳን ናት። እጀታዋን ስትስቡ ክዳኗ የአየሩን መንገድ ታጠባለች፤ ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ቤንዚኑ ይበዛል። በብርድ ቤንዚን በደንብ አይተንም፣ ስለዚህ በዛ አድርጎ መስጠት ግድ ነው። ነገር ግን ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ጥቂት በጥቂት መመለስ አለባችሁ። ረስታችሁ ከተዋችሁት ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ቤንዚን የገባበት ዘይት ነው ትርፉ። "ድምፁን ስማው እንጂ! ሲጎረብጠው አይሰማህም?" ይለኛል አባቴ። አይሰማኝም። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ "አሁን ግማሽ መልስ… አሁን ጨርሰው" ይላል። ስመልሰው እውነትም ሞተሩ ይለሰልሳል። ይህን ሥራ ዛሬ በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪኖች ላይ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። የሞተሩን ሙቀትና የአየሩን መጠን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ቦሽ ይህን ዓይነት በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 በብዛት ማምረት ጀምሯል። ላዳዋ ገና ሳትወለድ ማለት ነው። የአባቴ ጆሮ ተተኪው ቀድሞት ነው የተፈጠረው።

ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ላዳዋ ደከመች። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም እንደ እሷ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ እያጨስን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ አይሱዙ ሁሉ እየቀደመን ወጣን። ዳር ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ያዩናል። አንደኛው ትልቅ ጎፈሬ ወንድ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ አየንና የናቀን ይመስል ጀርባውን ሰጠን።

ከዚያ ጉሙ መጣ። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ድንገት ነው የሚወርደው። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ አሥር ሜትር አይታይም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩት፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል ዋሻ ነው። ሰዉ ዛሬም "የሙሶሊኒ ዋሻ" ይለዋል። ውስጡ ጨለማ፣ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። መስኮቱን በእጅ ማዞሪያው አወረድኩ፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ቢኖር በድምፁ እንድሰማ አባቴ ስላዘዘ። "ክላክስ አድርግ" አለኝ። አደረግሁ። ከወዲያ ማዶ መለሰልን። "ከባድ መኪና ነው፣ ባዶ ነው፣ ጥግህን ያዝ።" ያዝኩ። ወዲያው ባዶ የጭነት መኪና እያንኳኳ አለፈን። እኔ ሁለት ደህና ዓይን ይዤ ምንም አላየሁም ነበር።

ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር መሬቱ ከእግር ሥር የተነጠቀ ይመስላል። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" አለኝ። ይህ የሹፌር ሕግ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ቁልቁለቱን ከወረዳችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ እግራችሁ ሥር ባዶ ይሆናል። ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። እዚህ ላይ ለአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው መልሶ ባትሪ ይሞላል። ላዳዋ ያንን ሁሉ ተራራ በቤንዚን ወጥታ በነፃ ሙቀት አድርጋ ነው የምትበትነው። የኤርባግ ነገርማ ባናነሳው ይሻላል። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሆኜ ከፊቴ ቀጭን መሪና ቆርቆሮ ብቻ መሆኑን ሳስብ "ድሮ ቀረ" የሚሉ ሰዎች ይህንን ቁልቁለት ወርደው አያውቁም አልኩ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች ከበቡን። የመስኮቱን ማዞሪያ እያዞርኩ ከማውረዴ በፊት ሦስት ሴቶች ዋጋ ቀንሰውልኛል። ቀስ እያለ የሚወርድ መስኮት ለገበያ ጥሩ ነው። ሠርጉን አልተርክላችሁም፤ ሠርግ ሠርግ ነው። ብቻ አባቴ ለዘመዱ ሁሉ "ልጄ ነው ነድቶ ያመጣኝ፣ በማኖቬላ አስነስቶ" ሲል ሰማሁት። ስለ ጋሪው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ስንመለስ ነው ጉዱ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ የጥር ቀትር እንኳ ያቃጥላል። አርማንያን አልፈን ዳገቱን እንደያዝን ላዳዋ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። ቤንዚን አለ፣ ባትሪ አለ፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። እኔ "በቃ፣ አለቀላት" አልኩ። አባቴ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ በእጁ እየዳሰሰ ሞተሩ ጎን ላይ ያለችውን የቤንዚን ፓምፕ አገኛት። "ጠጥታ ጠጥታ ተንፍሳለች" አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፓምፗ ሞተሩ ላይ ስለተለጠፈች ስትግል ውስጧ ያለው ቤንዚን ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ አይሳብም። የዛሬዎቹ የቤንዚን መኪኖች ፓምፓቸው ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ከኋላ በግፊት ስለሚልክ ይህ በሽታ የላቸውም። መድኃኒቱ? እርጥብ ጨርቅ! ጨርቅ ግን የለንም። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ለሠርጉ የገዛሁትን ነጭ ሸሚዝ። "አውልቅ" አለ። "አባዬ…" "አውልቅ አልኩህ!" በሃይላንድ ውሃ ተነክሮ ፓምፗ ላይ ተጠቀለለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፓምፗ ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣቱ ደጋግሞ ገፋ ገፋ አደረገና "አስነሳት" አለ። ተነሳች። ጣርማ በርን የወጣሁት በካናቴራና በአባቴ ጋቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሳንቆም፣ ሳይመሽ አዲስ አበባ ገባን። "ሳይመሽ" ያልኩት እኔ ሳልሆን እሱ ነው።

ዛሬ ከተማው ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ አዲስ አበባ ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞልታለች። አንድ ጓደኛዬ አንዷን ገዝቶ ለሁለት ሳምንት አቁሟት ከርሞ ሲመለስ በሩ እንኳ አልከፈት አለው። ለካ ከዚያ ሁሉ ትልቅ ባትሪ ሌላ እነሱም ኮምፒዩተሩን የምታነቃ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለቻቸው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ቢሞላም መኪናዋ አትነቃም። ደውሎ "ምን ላርግ?" አለኝ። ማኖቬላ የምታስገባበት ቀዳዳ የላትም፣ ገፍተህም አታስነሳትም፤ ባለሙያ ጥራ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? እኔው ራሴ ገንዘብ ባገኝ እንደሱ ያለች ነው የምገዛው። ቾክ አይናፍቀኝም። በየጠዋቱ ሞተር ማስታመም ሥራ ላለው ሰው አይሆንም።

ላዳዋን ባለፈው ዓመት ሸጥናት። ሐሳቡን ያመጣው አባቴ ነው። ዓይኑ አሁን በቀንም ብዙ አያይለትም። የገዛት ወጣት ልጅ ነው፣ አሮጌ መኪና የሚወድ፣ ቀለም ቀብቶ ሊያሳምራት ያሰበ። ግቢያችን ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሲያያት ቆየና የኋላውን ከፈተ። በጨርቅ የተጠቀለለውን ብረት አውጥቶ "ይሄ ምንድን ነው? የጎማ መፍቻ ነው?" አለኝ። ቶሎ ብዬ "እሱ ይቀራል፣ የቤት ዕቃ ነው" አልኩ። ላስቀረው ፈልጌ ነው፣ አልዋሻችሁም። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። "ስጠው" አለ። "የሷ ናት። ና ወዲህ አንተ ልጅ።"

ልጁ ማኖቬላዋን ይዞ ሄደ። አባቴ በዳሰሳ እጁን ፈልጎ አገኘና አጨባበጡን በጣቶቹ እየነካ መረመረው።

"ይሄ አውራ ጣትህ እዚህ ምን ይሠራል?" አለው። "ከሌሎቹ ጋር አድርገው!"